ለአባቴ የታዘዘው የአፖሞርፊን መርፌ፦ አንድ ጥያቄና 22 መልሶች

የመክፈቻ ጥያቄ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የ74 ዓመት ሰው ናቸው፤ የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ 11 ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚኖሩትም ከእኔና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እዚህ ሜሪላንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካርቢዶፓ ሌቮዶፓ የተባለውን ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ሲወስዱ ከጠዋት እስከ ማታ ደኅና ይውሉ ነበር። አሁን በየሁለት ሰዓት ተኩሉ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ይወስዱታል፤ እንዲያም ሆኖ የሚቀጥለው ክኒን ሰዓት ሳይደርስ መድኃኒቱ ይለቃቸዋል። ሲለቃቸው እግራቸው ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ይመስላል፣ ድምፃቸው ይሰልላል፣ ፊታቸው ይደርቃል፣ ከወንበር ለማስነሣትም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ይህ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ የሚመጣ ሲሆን፣ መቼ እንደሚመጣም አስቀድሞ አይታወቅም።

ባለፈው ቀጠሮ የነርቭ ሐኪማቸው አፖሞርፊን የሚባል፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት አዘዙላቸው። ክኒኑን የሚተካ እንዳልሆነ፣ ክኒኑ በለቀቃቸው ጊዜ ብቻ እንደሚወጋና በአሥር ደቂቃ አካባቢ እንደሚያነቃቸው ነገሩን። አባቴ ግን ስሙን እንደሰሙ፣ ሞርፊን ለሞት ለቀረበ ሰው የሚሰጥ ነው ብለው እምቢ አሉ። ይህን መርፌ የተጠቀመ ወይም ለቤተሰቡ የወጋ ሰው ካለ እንዲያስረዳኝ እጠይቃለሁ። ስሙ እውነት ሞርፊን ነው ወይ? እቤት ውስጥስ የሚወጋው ማን ነው? አባቴ ከሁሉ በላይ የሚመኙት እሑድ ጠዋት ቆመው ማስቀደስ መሆኑንም አብሬ ልጨምር፤ ጥያቄው ለእሳቸው የሕክምና ብቻ አይደለምና።

ከዚህ በታች ያለው

የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገቡ አንባብያንም የተመለሰውን ጥያቄ ደግመው ስለሚጠይቁ፣ የተባለውን በየቁጥሩ እዚሁ ልተርከው ወሰንሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥሁም። ጠቃሚ ሆኖ ባገኘሁት ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ፤ ከጉዳዩ የወጣውን ግን በአጭሩ አልፌዋለሁ።

መልስ 1 የመጣው ከዳላስ ነው። ጸሐፊዋ በመልካም ምኞትና በምርቃት ጀምረው፣ አጎታቸው ይህንኑ መርፌ ሁለት ዓመት እንደተጠቀሙና እንደረዳቸው ጻፉ። ነገር ግን መድኃኒቱ ከሞርፊን ወገን በመሆኑ ሱስ እንዳያስይዛቸው መጠንቀቅ ይገባል አሉ። መልስ 2 ይህንን ተቀብሎ፣ በአሜሪካ በሕመም ማስታገሻ ሱስ ስለጠፋው ሰው ብዛት በሰፊው ተናገረ። እውነት ለመናገር፣ እነዚህን ሁለቱን ካነበብሁ በኋላ ያን ሌሊት ጉዳዩን ልተወው ተቃርቤ ነበር።

መልስ 3 የመድኃኒት ባለሙያ መሆናቸውን በገለጹ ሰው የተጻፈ ነው። ከእሳቸው በፊት የጻፉትን ሁለቱን በአክብሮት ከጠቀሱ በኋላ አረሟቸው። አፖሞርፊን በ19ኛው መቶ ዓመት ሞርፊንን ከብርቱ አሲድ ጋር በማሞቅ የተገኘ ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ነገር ግን በዚያ ሙቀት የሞርፊን ቅርጽ ይለወጣል፤ ከዚህ በኋላ ሕመም አያስታግስም፣ እንደ ሞርፊንም ሱስ የሚያስይዝ አይደለም። ቅርጹ ከዶፓሚን ጋር ስለሚመሳሰል፣ አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚያርፍባቸው ቦታዎች ላይ ገብቶ የጎደለውን ዶፓሚን ሥራ ለአጭር ጊዜ ይሠራል። ፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚያመርቱ ሕዋሳት የሚሞቱበት ሕመም ስለሆነ፣ ሌቮዶፓ ራሱ ወደ ዶፓሚን እስኪለወጥ ሊጠብቅ ሲገባው ይህኛው ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ የለበትም። ክኒኑ ደግሞ ጨጓራን አልፎ ወደ አንጀት መድረስ አለበት፤ በዚህ ሕመም ጨጓራ ስለሚዘገይ ክኒኑ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ይቀመጣል። መርፌው የሚፈጥነው በጨጓራ በኩል ስለማያልፍ ነው። ይህንን መልስ ለአባቴ ሁለት ጊዜ አነበብሁላቸው። በመጨረሻ የጠየቁኝ፣ ሞርፊንነቱ ከጠፋ ስሙ ለምን አብሮ አልጠፋም የሚል ነበር፤ መልስ አልነበረኝም።

መልስ 4 ከለንደን የመጣ ሲሆን፣ ከክሩ ሁሉ እኔ ብዙ ጊዜ የተመለስሁበት እርሱ ነው። ጸሐፊዋ ለእናታቸው ስድስት ዓመት የወጉ ሴት ናቸው። በእንግሊዝ አገር ይህ መድኃኒት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንደሚሠራበትና ለሕመሙ ብቻ የሠለጠኑ የፓርኪንሰን ነርሶች ቤት ድረስ መጥተው እንደሚያስተምሩ አስረዱ። በአሜሪካ የተፈቀደው በ2004 መሆኑን ሲያነጻጽሩት ትንሽ ኩራት ያለበት ቢመስልም ይቅር ብያቸዋለሁ። እናታቸው በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይወጉ ነበር። በወጉ ከሰባት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ጊዜ ይነቃሉ፣ አንድ ሰዓት ያህልም ይቆይላቸዋል። መርፌው የሚወጋው በሆድ፣ በጭን ላይኛው ክፍል ወይም በክንድ ላይ ሲሆን፣ ቦታው በየጊዜው ካልተለዋወጠ ከቆዳ ሥር ጠጣር እብጠት ይሠራል። እናታቸው የተወጉበትን ቦታ በቀን መቁጠሪያ ላይ ይጽፉ እንደነበር፣ እብጠቱንም በማሸት ያለሰልሱት እንደነበር አስታወሱ። ፈሳሹ ንጹሕና ቀለም የሌለው መሆን አለበት፤ አየር ሲያገኘው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፣ የዚያን ጊዜ መጣል ነው። ልብስ ላይ ከፈሰሰም የማይለቅ አረንጓዴ ይተዋልና ነጭ አንሶላ ላይ እንዳትወጉ አሉ። የእናታቸው ጥበብ ቀሚስ ጥለት ላይ አንድ አረንጓዴ ነጠብጣብ እስከ ዛሬ እንዳለ የጨመሩበት ዓረፍተ ነገር ለምን እንዳስለቀሰኝ አላውቅም።

እኚሁ ሴት አንድ ነገር አጥብቀው አሳሰቡ። አፖሞርፊን ድሮ ሆን ተብሎ ለማስታወክ የሚሰጥ መድኃኒት ስለነበረ፣ ያለ ማቅለሽለሽ መከላከያ ከተጀመረ በሽተኛው የመጀመሪያውን ቀን ጠልቶ ሁለተኛውን አይቀበልም። በእንግሊዝ ዶምፐሪዶን ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ እንደሚሰጥ ተናገሩ።

መልስ 5 እዚህ ላይ ገባ። ጸሐፊው ነገሩን ለማቅለል ብለው፣ ለማቅለሽለሽ ብዙ ቤት የሚገኘውን ኦንዳንሴትሮን፣ በንግድ ስሙ ዞፍራን የሚባለውን፣ ከመርፌው ግማሽ ሰዓት በፊት ማዋጥ በቂ ነው አሉ። መልስ 6 የመጣው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነበር። የመልስ 3 ባለሙያ ተመልሰው፣ በዚያ የቀድሞ ትሕትናቸው ሳይሆን በቁጣ ጻፉ። ኦንዳንሴትሮንና የእርሱ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ከአፖሞርፊን ጋር ፈጽሞ አይሰጡም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት በኃይል ወርዶ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል፤ ይህም በመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ ላይ በግልጽ የሰፈረ ነው። ሳያውቁ ስለ መድኃኒት መምከር ሰው ይገድላል እስከ ማለት ደርሰዋል። ከዚያም ቁጣቸው በረድ ብሎ፣ ዶምፐሪዶን በአሜሪካ ስላልተፈቀደ እዚህ የሚታዘዘው ትራይሜቶቤንዛማይድ መሆኑንና እርሱም ከመርፌው ሦስት ቀን በፊት እንደሚጀመር አስረዱ። ዶምፐሪዶንም ቢሆን ከአፖሞርፊን ጋር ሲሆን የልብ ምት ስለሚያዛባ የልብ ምርመራ እንደሚያስፈልገው ለለንደኗ ጸሐፊ አስታወሱ። ቁጣው ከልክ ያለፈ ነበር የሚሉ በኋላ ተነሥተዋል፤ እኔ ግን አባቴ የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ሄጄ ዞፍራን መኖሩን ሳይ አመሰገንኋቸው። ወንድሜ ባለፈው ዓመት ቀዶ ጥገና ሲያደርግ የተረፈ ነበር። የዚያኑ ማታ ከቤት አወጣሁት።

መልስ 7 ነርስ ናቸው፤ በረጋ መንፈስ ክሩን ወደ መንገዱ መለሱት። የመጀመሪያው መርፌ እቤት እንደማይወጋ አስረዱ። በሽተኛው የጠዋት ክኒኑን ሳይወስድ፣ መድኃኒቱ በለቀቀው ሁኔታ ወደ ክሊኒክ ይመጣል። የደም ግፊቱ ተኝቶም ቆሞም ይለካል፤ ትንሽ መጠን ይወጋል፤ ከዚያ በ20፣ በ40 እና በ60 ደቂቃ ግፊቱ እንደገና ይለካል። ግፊቱ ካልተናጋ፣ ከዚያ በኋላ መጠኑ ቀስ እየተባለ የሚበቃው ላይ ይደርሳል። ከፍተኛው በአንድ ጊዜ 0.6 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ በቀን ከአምስት ጊዜ አይበልጥም፤ በሁለት መርፌዎች መካከልም ቢያንስ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። አንዱ መርፌ አልሠራም ተብሎ ለዚያው መልቀቅ ሁለተኛ አይደገምም። ከአንድ ሳምንት በላይ ከተቋረጠ ደግሞ በነበረበት መጠን አይቀጠልም፤ ከታች እንደገና ይጀመራል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ጠቃሚ ነው፤ አባቴ በየዓመቱ ለጥምቀት አዲስ አበባ ደርሰው መምጣት ይወዳሉና።

መልስ 8 የመልስ 5 ጸሐፊ ይቅርታ ነው፤ አጭርና ጨዋ። መልስ 9 ከጉዳዩ ወጣ። በእንስሳት ሕክምና የሚሠራ ወጣት፣ መርዝ የበላ ውሻ እንዲያስመልስ የሚሰጡት ይኸው አፖሞርፊን መሆኑን በመገረም ጻፈ። ለአባቴ ባልነግራቸው ይሻል ነበር፤ ነገርኋቸው፤ ሳቁ። ከሞርፊን ይልቅ የውሻ መድኃኒት መባሉ እንደሚቀላቸው ነገሩኝ።

በመልስ 10 ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው መርፌው የመድኃኒት ኩባንያዎች ገንዘብ መሰብሰቢያ መሆኑን፣ ልጆች ወላጆቻቸውን በመርፌ ከሚያደርቁ ወደ ጠበል ሊወስዷቸውና ሌቮዶፓ በተፈጥሮ የሚገኝበትን ባቄላ ሊያበሏቸው እንደሚገባ ጻፉ። መልስ 11 የባቄላውን ነገር ደግፈው፣ የጎጃም አያታቸው እሸት ባቄላ በወጣበት ወቅት እጃቸው ይረጋ እንደነበር አስታወሱ። መልስ 12 በተቃራኒው ይህን ሁሉ ተረት አሉት። እዚህ ላይ ሦስቱም በከፊል ልክ፣ በከፊል ስሕተት ነበሩ፤ መልስ 13 ባይመጣ ኖሮ ክሩ በዚያው ይበላሽ ነበር።

መልስ 13 ከአንድ የሥነ ምግብ መምህር የመጣ ነው። ባቄላ በእርግጥ ሌቮዶፓ አለበት፣ ይልቁንም እሸቱና ለጋው ክፍል፤ የአያትዬዋም እጅ መርጋት ተረት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን መጠኑ ከዘር ዘር፣ ከማሳ ማሳ ይለያያል፤ አንድ ጭብጥ እሸት ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የሚያውቅ የለም። በቀን ስድስት ጊዜ ክኒን በሰዓቱ ለሚወስድ ሰው በላዩ ያልታወቀ መጠን ሲጨመር፣ ከመልቀቁ ይድን እንደሆን እንጂ ከፈቃዱ ውጪ የሚያወዛውዘው እንቅስቃሴ ይብስበታል። ደግሞም ከትውልድ ከሚወረስ የአንድ ኤንዛይም ጉድለት የተነሣ ባቄላ ደማቸውን የሚያፈርስባቸው ሰዎች አሉ። ጠበሉን በተመለከተ መምህሩ ያሉት፣ የሚጠመቅ ሰው ክኒኑን በሰዓቱ ይውሰድ የሚል ብቻ ነው። ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳትና መገተር የሚያመጣ፣ ሕይወትንም የሚያሰጋ አደጋ እንደሆነ አስጠንቅቀዋል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ አባቴ ጠበል ሲሄዱ የክኒኑን ዕቃ ይዤ የምከተለው እኔ ነኝ።

መልስ 14 ከአዲስ አበባ መጣ። ጸሐፊው ባለቤታቸውን የሚያስታምሙ አዛውንት ሲሆኑ፣ እኛ የምንከራከርበትን መርፌ ዓይተውት እንደማያውቁ፣ እሳቸው በየወሩ የሚሯሯጡት ሌቮዶፓውን ራሱን ለማግኘት እንደሆነ ጻፉ። በጠፋ ጊዜ ባለቤታቸው አርቴን የተባለውን ሌላ የፓርኪንሰን መድኃኒት ብቻ ይወስዳሉ፤ እርሱ ደግሞ ማታ ማታ ያቃዣቸዋል፣ የሞቱ ዘመዶቻቸውን ስም ይጠራሉ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ የሚጠይቁትም ባለቤታቸው ከአልጋ ለመነሣት ሲያቅታቸው እንዴት አድርገው ቢያነሷቸው ወገባቸው እንደማይጎዳ ብቻ ነበር። መልስ 15 ክኒን ልላክ አለ። መልስ 16 ደግሞ የአንዱ ክኒን ጥንካሬ ከሌላው ስለሚለያይ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በመንገደኛ የሚላክ መድኃኒት ጉዳት እንዳለው አሳሰበ። የአዛውንቱን ጥያቄ ግን ሁለቱም ሳይመልሱት አለፉ። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያችን ያስተማሩንን ጽፌላቸዋለሁ፦ ጉልበታቸውን አጥፈው በጎናቸው ማዞር፣ እግራቸውን ከአልጋው ማውረድ፣ ከዚያ በትከሻቸው ደግፎ ማስቀመጥ፤ እጃቸውን ይዞ መጎተት ግን ፈጽሞ አይገባም።

መልስ 17 የጾምን ነገር አነሣ። ጸሐፊዋ እናታቸው በዐቢይ ጾም ከፍስክ ጊዜ ይልቅ እንደሚሻላቸው፣ ይህንንም እንደ በረከት ቆጥረውት እንደነበር ጻፉ። የመድኃኒት ባለሙያው በዚሁ መልስ ሥር አጭር ማብራሪያ አስቀመጡ፤ በረከትነቱን ሳይነኩ። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አእምሮ የሚገባው የፕሮቲን ቅንጣቶች በሚገቡበት በር ስለሆነ፣ ሥጋና እንቁላል በበዛበት ማዕድ ላይ የተወሰደ ክኒን በሩ ላይ ተጋፍቶ ይቀራል። ሆኖም ሽሮና ምስርም ፕሮቲን ናቸውና ጾም መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ክኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውሰድ ይሻላል። መርፌው በዚህ በር ስለማይሄድ፣ በፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥ ተበልቶ ክኒኑ ሲቀር እንኳ አይቀርም። ባለፈው ፋሲካ ከቀትር እስከ ማታ አባቴ ሶፋ ላይ ደርቀው የዋሉበት ምክንያት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኛ ደክሟቸው መስሎን ነበር።

ወደ ዋናው ጥያቄዬ፣ መርፌውን ማን ይወጋል ወደሚለው፣ የመለሰን መልስ 18 ነው። ጸሐፊው ባለቤታቸውን ለአራት ዓመት የወጉ ሰው ናቸው፤ እንዳጻጻፋቸው የመካኒክ ሙያ ያላቸው ይመስላሉ፣ ነገሩን ሁሉ እንደ ዕቃ ፈትተው አሳዩን። መርፌው የተሠራው በሽተኛው ራሱን እንዲወጋበት ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ሲለቀው እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚገተር ሰው፣ እርዳታውን በሚፈልግበት ሰዓት መርፌውን አዘጋጅቶ መውጋት አይችልም። ስለዚህ በቤቱ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ይኑሩ፣ ልምምዱም መድኃኒቱ በያዛቸው ደኅና ሰዓት ይሁን አሉ። መርፌው እንደ ብዕር ያለ መያዣ ውስጥ የሚገባ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ያለው ቁጥር የሚያመለክተው ሚሊ ሊትር ነው እንጂ ሚሊ ግራም አይደለም። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ስላለ፣ ሐኪሙ 3 ሚሊ ግራም ካዘዙ ብዕሩ የሚዞረው 0.3 ላይ ነው። ሁለቱን አሃዶች ማምታታት የታወቀ አደጋ በመሆኑ፣ ትእዛዙ በሚሊ ሊትር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ ሲሉ መከሩ። ከቆዳ ሥር እንጂ በደም ሥር ፈጽሞ አይወጋም። መልቀቁም እስኪጠና አይጠበቅም፤ ባለቤታቸው የመጀመሪያ ምልክታቸው የቀኝ እግር አውራ ጣት መጎበጥ ስለሆነ፣ ጣታቸው ሲታጠፍ ወዲያው ይወጓቸዋል። ይህን እንዳነበብሁ የአባቴን የመጀመሪያ ምልክት መፈለግ ጀመርሁ። ከሦስት ቀን በኋላ አገኘሁት፦ መቁጠሪያቸውን የሚያሽከረክረው አውራ ጣታቸው ይቆማል።

መልስ 19 ስለታም ነበር፤ የተሳለውም ወደ እኔ ነው። ጸሐፊው ሴት ልጅ የአባቷን ሆድ ገልጣ መውጋቷ ነውር መሆኑን፣ ወንድ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ለምን እንደ ጥያቄ እንደተነሣ እንዳልገባቸው፣ በውጭ አገር ያለን ሰዎች ይሉኝታ ጨርሰን መተዋችንን ጻፉ። መልስ 20 ከእሳቸው የባሰ ስለታም ሆኖ መጣ። አባታቸውን ሰባት ዓመት አጥበው፣ አልብሰው፣ አጉርሰው የቀበሩ ሴት ናቸው፤ ይሉኝታ የሚያወራው ወንድ ልጅ በነዚያ ሰባት ዓመታት ስንት ጊዜ ሌሊት ተነሥቶ እንደሆነ ቆጥሮ እንዲነግራቸው ጠየቁ። መልስ አልተሰጣቸውም። እኔ በልቤ ከመልስ 20 ጋር ነኝ፤ ነገር ግን ለአባቴ ሳነብ ሁለቱንም ሳልዘል አነበብሁ። ለመርፌው እምቢ ያሉበት ሌላኛው ምክንያት ይኸው ሊሆን እንደሚችል እስከዚያ ድረስ አላሰብሁም ነበር። አንብቤ ስጨርስ ዝም አሉ።

መልስ 21 ሌሎች መንገዶችን የሚዘረዝር ረጅም ጽሑፍ ነው። ቀኑን ሙሉ በትንሽ ፓምፕ አፖሞርፊንን ከቆዳ ሥር የሚያንጠባጥብ ሕክምና በአውሮፓ ለብዙ ዓመታት የኖረ ሲሆን፣ በአሜሪካ የተፈቀደው ገና በ2025 ነው። በ2018 የታተመ ጥናት በሰባት የአውሮፓ አገሮች 107 ሕሙማንን ለ12 ሳምንት ተከታትሎ፣ መድኃኒቱ የሚለቅበት ጊዜ በፓምፑ በቀን በሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲቀንስ፣ መድኃኒት በሌለበት ፓምፕ ግን የቀነሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ሌቮዶፓን ራሱን በፈሳሽ መልክ ከቆዳ ሥር ለ24 ሰዓት የሚያደርስ ሌላ ፓምፕ በ2024 እዚህ ተፈቅዷል። በአፍ የሚሳብ ሌቮዶፓም አለ። አእምሮ ውስጥ ሽቦ የሚገባበት ቀዶ ጥገናም ተጠቅሷል፤ አባቴ እርሱን ገና ሲሰሙ እጃቸውን አወዛወዙ። ጸሐፊው በቀን አምስት ጊዜ ክኒን የሚወስድና ሁለት ሰዓት የሚለቀው ሰው ስለ ፓምፕ ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገር ይገባል ብለው ደመደሙ። በዚህ መለኪያ አባቴ ካለፉበት ቆይተዋል። ይህንን በሚቀጥለው ቀጠሮ አነሣለሁ፤ ነገር ግን መርፌን በስንት ልመና ለሚቀበል ሰው ቀን ከሌት የሚታሰር ፓምፕ መጀመሪያ አይቀርብለትም።

መልስ 22 ዲያቆን ናቸው። ከመክፈቻው ጽሑፌ ውስጥ ሌሎች ሁሉ ያለፉትን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቆሞ ማስቀደስን፣ ያነሡት እሳቸው ብቻ ናቸው። የመልስ 4ንና የመልስ 7ን ቁጥሮች አጋጥመው አሰሉልን። መርፌው አንድ ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ቅዳሴው ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ሁለተኛ መርፌም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አይወጋም። እንግዲህ መርፌው ለቅዳሴው በሙሉ አይደርስም፣ የትኛው ሰዓት እንደሚመረጥ አባትሽ ይወስኑ አሉኝ። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ የደም ግፊት የሚያወርደው ይልቁንም ቆመው ባሉበት ጊዜ ስለሆነ፣ ሳይበሉ ያደሩ አዛውንት ተወግተው ረጅም ጊዜ ቢቆሙ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ መቋሚያ ይያዙ፣ ወንበር ከኋላቸው ይኑር፣ ሲያዞራቸውም ሳያፍሩ ይቀመጡ። በሚቆርቡበት ዕለት መወጋቱን በተመለከተ ግን እሳቸውም ከመመለስ ተቆጥበው ወደ ንስሐ አባታቸው መሩን። የንስሐ አባታቸው ጋ ደወልን፤ የተነጋገሩት ለብቻቸው ስለሆነ ምን እንደተባለ አልጠየቅሁም። ስልኩን ሲዘጉ ግን ቀጠሮውን ያዢልኝ አሉ።

ቀጠሮው ባለፈው ማክሰኞ ነበር

ውጤቱን እንድጽፍ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁ እነሆ። ለማቅለሽለሽ የታዘዘላቸውን ከሦስት ቀን በፊት ጀመሩ። ማክሰኞ የጠዋቱን ክኒን ሳይወስዱ በተሽከርካሪ ወንበር ገፋናቸው፤ መኪና ውስጥ ለማስገባት ብቻ 20 ደቂቃ ፈጀብን። ነርሷ የደም ግፊታቸውን አስተኝታም አቁማም ለካች፤ ለማቆም ወንድሜና እኔ ግራና ቀኝ ደገፍናቸው። ከዚያ 0.2 ሚሊ ሊትር ሆዳቸው ላይ ወጋች። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር፤ መልስ 19 ስላሸነፈኝ ሳይሆን፣ እሳቸው የሚፈልጉት እንደዚያ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

በሰባተኛው ደቂቃ ማዛጋት ጀመሩ። ደጋግመው ሲያዛጉ ደነገጥሁ፤ ነርሷ ግን መድኃኒቱ እየገባ መሆኑን የሚያሳይ የተለመደ ምልክት ነው አለችን። በ11ኛው ደቂቃ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ቆለፉ። ከዚያ ማንም ሳይነካቸው ተነሡ። በ20ኛው ደቂቃ ቆመው ሲለኩ ግፊታቸው ትንሽ ወርዶ ስለነበር ጥቂት እንዲቀመጡ ተደረገ፤ በ40ኛው ተስተካክሎ ነበር። አላስመለሳቸውም፤ ጥቂት እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸው። ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት። ከአንድ ሰዓት ጥቂት ካለፈ በኋላ የመቁጠሪያው አውራ ጣት ቆመ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ድምፃቸው እንደገና ሰልሎ፣ ከቅዳሴው የመረጡትን ሰዓት ነገሩን፦ ከወንጌል ንባብ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ይቀመጣሉ። ማን እንደሚወጋም ወስነዋል። ሆድ ላይ ሲሆን ወንድሜ፣ ክንድ ላይ ሲሆን እኔ።